‹‹ከነማ›› የማን ነው? የተጫዋች ምልመላና ከጠረጴዛ በታች የሚያልፈው ገንዘብ

ስፖርት ከኅብረተሰቡ አኗኗር ተነጥሎ በራሱ የሚቆም ነገር አይደለም። በአንድ ሀገር ውስጥ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚያዝበትና ማን እንደሚቆጣጠረው ለማወቅ የሚሻ ሰው የፋብሪካውንና የገበያውን መዝገብ ብቻ ሳይሆን የኳስ ሜዳውንም ቢመረምር ብዙ ይማራል። በሜዳ ላይ የሚታየው ዘጠና ደቂቃ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን ተጫዋቹ ከየት መጣ? ማን መለመለው? በስንት ተዋዋለ? ከተከፈለውስ ገንዘብ ምን ያህሉ በእጁ ገባ? የሚሉ ጥያቄዎች አሉ። ዛሬ የምንመለከተው ይህንኑ ከሜዳ በስተጀርባ ያለውን ጉዳይ ነው።

ጉዳዩ የከተማ ነዋሪውን በቀጥታ ይነካል። ባሕር ዳር ከነማ፣ ፋሲል ከነማ እያልን የምንጠራበት ‹‹ከነማ›› የተሰኘው ቃል እንዲያው ለጌጥ የተለጠፈ ቅጽል አይደለም፤ ‹‹የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር›› ከሚለው የተውጣጣ ምሕጻር ነው። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቁሞ ነበር። የዚያን ዘመን አደረጃጀት በሌላ ቢተካም ስሙ በክለቦች መጠሪያ ላይ እስከ ዛሬ ቀርቷል። እንግዲህ በስሙ የነዋሪው የሆነ፣ በገንዘቡም የነዋሪው የሆነ ክለብ፣ ውሉና ሒሳቡ የማን ነው? ብሎ መጠየቅ የሚገባው ነዋሪው ራሱ ነው።

ገንዘቡም የነዋሪው ነው ስንል ያለ ምክንያት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ የቴሌቪዥን መብት ለሱፐርስፖርት ለአምስት ዓመታት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ይሁን እንጂ የሀገራችን ክለቦች አብዛኛዎቹ የሚተዳደሩት ከሜዳ መግቢያ ወይም ከማልያ ሽያጭ በሚያገኙት ገቢ ሳይሆን ከከተማ አስተዳደሮች፣ ከመንግሥት ተቋማትና ከልማት ድርጅቶች በሚመደብላቸው በጀት ነው። በጀቱ ደግሞ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ነጋዴው ከከፈለው ግብር፣ ሠራተኛው ከደመወዙ ከተቆረጠበት፣ ለውኃ ቧንቧና ለሠፈር መንገድ ሊውል ይችል ከነበረው የሕዝብ ሀብት የተገኘ ነው።

የተጫዋቾች ክፍያ ከዓመት ወደ ዓመት እየናረ በመሄዱ፣ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተስማምተው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጁለት። ዓላማው በጎ ነበር፤ ውጤቱ ግን እንደ ዓላማው አልሆነም። በውሉ ላይ 50,000 ብር ሲጻፍ ትርፉ በሌላ መንገድ የሚከፈል መሆኑ በስፖርቱ ቤተሰብ ዘንድ የአደባባይ ምሥጢር ሆኖ ቆየ። ኋላም የእያንዳንዱ ተጫዋች ደመወዝ ብቻ ሳይሆን የክለቡ ጠቅላላ የተጫዋች ወጪ እንዲገደብ የሚያዝ መመሪያ ወጣ፤ መመሪያውን ጥሰዋል በተባሉ ክለቦችና ተጫዋቾች ላይም ቅጣት ተላለፈ። ይህ ሁሉ አንድ ነገር ያስረዳናል፤ ይኸውም በሽታው ከደመወዙ ቁጥር ሥር የተደበቀ ሌላ ምክንያት ያለው መሆኑን ነው።

ለመሆኑ ይህ ስውር ገንዘብ የሚሠራው እንዴት ነው? መንገዱ ያልተወሳሰበ ነው። በአንድ በኩል ማሸነፍን የሚሻ፣ የሚያወጣው ገንዘብ ግን የራሱ ያልሆነ ኃላፊ አለ። በሌላ በኩል ዕድሜው አጭር የሆነ ጉልበቱን የሚሸጥ ወጣት አለ። በሁለቱ መካከል ደላላው ይቆማል። ደላላው ተጫዋቹን ለአሠልጣኙ ያቀርባል፤ አሠልጣኙ ‹‹ይህ ልጅ ያስፈልገኛል›› ብሎ ይፈርማል፤ ኃላፊው ክፍያውን ያጸድቃል። ገዢው ለራሱ ኪስ የማይሳሳ በመሆኑ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ከፍ ካለው ዋጋም ለሦስቱም የሚካፈል ድርሻ ይገኛል። ውሉ ለነዋሪው የማይታይ እስከ ሆነ ድረስ ከሳሽም ምስክርም አይኖርም። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ወንጀሉ የሚወለደው ከክፍያው ትልቅነት ሳይሆን ከክፍያው መደበቅ መሆኑ ነው።

ይህ በእኛ ሀገር ብቻ የታየ አይደለም። ክፍያን ጨርሶ በመከልከል ስፖርትን ንጹሕ ማድረግ ይቻላል የሚል እምነት በተግባር የተፈተነበት ቦታ አለ፤ እርሱም የካፒታሊዝም መዲና በሆነችው በአሜሪካ፣ በኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 በኒውዮርክ የፈነዳው ቅሌት ከሰባት ኮሌጆች የመጡ ከ30 በላይ ተጫዋቾችን ያዳረሰ ነበር። ወጣቶቹ ከቁማርተኞች ገንዘብ እየተቀበሉ የጨዋታውን የነጥብ ልዩነት ያጠብቡ ነበር። ከነርሱም መካከል በ1950 ሁለቱንም ታላላቅ የሀገሪቱን ውድድሮች ያሸነፈው የኒውዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ተጫዋቾች ይገኙበታል።

በዚያው ዘመን የኮሌጆቹን ስፖርት የሚያስተዳድረው ማኅበር የመጀመሪያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ዋልተር ባየርስ ‹‹ተማሪ ስፖርተኛ›› የሚል ስያሜ በሥራ ላይ እንዲውል አደረገ። ስያሜው ለጆሮ ያማረ ነው። ምሥጢሩ ግን ተጫዋቹ እንደ ሠራተኛ ተቆጥሮ ጉዳት ቢደርስበት ካሣ እንዳይጠይቅ ለመከላከል የታቀደ መሆኑ ነው፤ ይህንንም ባየርስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ አምኗል። ሠራተኛውን ሠራተኛ ብሎ ባለመጥራት መብቱን መንፈግ ለወዝ አደር አንባቢያችን እንግዳ ዘዴ አይሆንበትም።

ተጫዋቹ ያለ ደመወዝ እንዲጫወት ሲታዘዝ በዙሪያው ያለው ሁሉ ግን ይነግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓመታዊው የቅርጫት ኳስ ውድድር የቴሌቪዥን መብት ለ14 ዓመታት በ10.8 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ። በአብዛኛዎቹ ግዛቶች ከመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ የላቀ ደመወዝ የሚከፈለው የእግር ኳስ ወይም የቅርጫት ኳስ ቡድን የሚያሠለጥን ሰው ሆነ። ከዚህ ሁሉ ሀብት ለአምራቹ በይፋ የሚደርሰው የትምህርት ዕድልና ቀለብ ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ዋጋው በስውር ይመጣለት ጀመር።

እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 2017 የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ በአሥር ሰዎች ላይ ክስ መመሥረቱን ይፋ አደረገ። ከተከሳሾቹ አራቱ የታወቁ ዩኒቨርሲቲዎች ምክትል አሠልጣኞች ሲሆኑ፣ የአዲዳስ ኩባንያ የስፖርት ግብይት ኃላፊ የነበረው ጄምስ ጋቶም ይገኝበታል። ከተገለጹት ወንጀሎች አንዱ አንድ ወጣት ኩባንያው ትጥቅ ወደሚያቀርብለት ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ ለቤተሰቡ 100,000 ዶላር ለመክፈል የተደረገው ስምምነት ነው። ጋቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ጥፋተኛ ተብሎ በተከታዩ ዓመት የዘጠኝ ወር እሥራት ተፈረደበት። የሚያስገርመው በዚያ ችሎት ዩኒቨርሲቲዎቹ የቀረቡት የማታለል ሰለባ ሆነው መሆኑ ነው። ከወጣቱ ጉልበት ዋናውን ትርፍ የሚሰበስቡት ተበዳይ ተብለው፣ መካከለኞቹ ወህኒ ወረዱ።

በመጨረሻ ክልከላው ራሱ ፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ2021 የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኮሌጆቹ ለተጫዋቾች የሚሰጡትን ከትምህርት ጋር የተያያዘ ጥቅም መገደብ ሕገ ወጥ መሆኑን በሙሉ ድምፅ ወሰነ። በ2025 በጸደቀ ሌላ ስምምነት ደግሞ አንድ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቹ እንዲያካፍል ተፈቀደ። ለሰባ ዓመታት ኃጢአት ሲባል የኖረው ነገር ባንድ ጀምበር ሕጋዊ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ በመነሣት ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶችን መታገል ይገባል። የመጀመሪያው ጥፋቱን ሁሉ በተጫዋቹ ስግብግብነት ላይ የሚጭነው ነው። ወጣቱ የሚሸጠው የራሱን ጉልበትና የጉብዝናውን ጥቂት ዓመታት ነው፤ ጉልበቱ ሲሟጠጥ ወይም ጉልበቱ ሲሰበር የሚጦረው ክለብ የለም። ስለዚህ ለሥራው ዋጋ መጠየቁ መብቱ ነው። ሁለተኛው ‹‹ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል፤ ልቀቁት›› የሚለው ነው። የግል ባለሀብት በገዛ ገንዘቡ ቢከስር ጉዳቱ የራሱ ነው። የከተማ በጀት ሲባክን ግን የሚከስረው ድምፁ ያልተጠየቀው ነዋሪ ነው። በሕዝብ ገንዘብ የሚደረግ ‹‹ነጻ ገበያ›› ለደላላው ነጻ፣ ለነዋሪው ዕዳ ከመሆን አያልፍም።

የአዊ ሕዝብ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም። የፋግታ ለኮማ ገበሬ የዲከረንስ ችግኝ ተክሎ፣ ዓመታት ጠብቆ፣ ቆርጦና አክስሎ ከሰሉን በጆንያ ያስረክባል። ጭነቱ አዲስ አበባ ደርሶ ስንት እንደሚያወጣ ግን በመካከል የቆመው ደላላ የሚያውቀውን ያህል አያውቅም። ሁለቱን ወገኖች ካላገናኘህ፣ ዋጋውንም ካላሳየህ፣ ትርፉ የመካከለኛው ነው። የተጫዋች ንግድም ሕጉ ይኸው ነው።

የሰው ጉብዝና በማኅበር ቁጥጥር ሥር ሊከበር እንደሚችልም ይኸው ሕዝብ ያውቃል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር ፈረሰኛው የገዛ ፈረሱን አሸብርቆ፣ ከየቀዬው በወገኖቹ ታውቆና ተመስክሮለት ይመጣል። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ ፈረሱ ከየት እንደተገኘ በምስጢር የሚያዝ ነገር የለም። ይህን ስንል ግን ተጫዋቹ እንደ ፈረሰኛው ለክብር ብቻ ይጫወት ማለታችን አይደለም። ፈረሰኛው እርሻ አለው፤ ተጫዋቹ ያለው እግሩ ብቻ ነው። ከፈረሰኞቹ የምንወስደው ትምህርት ነጻ አገልግሎቱን ሳይሆን ግልጽነቱን ነው።

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ከተማን ወክሎ የሚወዳደር ቡድን ሲደራጅ በእውነት አደጋ ላይ የሚወድቀው ማነው? በሠፈር ሜዳ በባዶ እግሩ የሚለማመደው፣ መላላኪያ ደላላ የሌለው ልጅ ነው። ቦታው በሌላ ከተማ ለተፈረመ ውል አስቀድሞ ከተሸጠ፣ የእርሱ ትጋት ዋጋ የለውም። ልጁ ከዚህ የሚማረው ጠንክሮ መሥራትን ሳይሆን ሰው መፈለግን ይሆናል። እንዲህ ያለው ትምህርት ከባከነው ብር ይበልጥ ከተማን ያደኸያል። ለ15 ዓመታት፣ ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ.፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ የአህጉሩ ስፖርት የነጋዴዎች መጫወቻ እንዳይሆን ሲሟገቱ የኖሩትም የዚህ ጉዳት ምንነት ስለ ገባቸው ነው። በከተማው ውስጥ የሚገኘው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲና መሰሎቹ የተማሪ ስፖርታቸው ወደፊት ሲያድግ የአሜሪካኖቹን ስሕተት ከወዲሁ ቢያጤኑት ይጠቅማቸዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ በሕዝብ በጀት የሚፈረም ማንኛውም የተጫዋችና የአሠልጣኝ ውል፣ የደላላውም ድርሻ ጭምር፣ ለነዋሪው ስብሰባ በይፋ ይነገር። የአስተማሪና የነርስ ደመወዝ በደረጃው የሚታወቅ ሲሆን የተጫዋቹ የሚደበቅበት ምክንያት የለም። ሁለተኛ፣ ምልመላ በአንድ ሰው ፊርማ ሳይሆን ቀኑ በይፋ በሚነገር ፈተና፣ የነዋሪ ተወካዮች ባሉበት ኮሚቴ ፊት ይፈጸም። ሦስተኛ፣ ከክለቡ በጀት የታወቀ ድርሻ ለታዳጊ ቡድኖች ይለይ፤ ዕድሜያቸውም በሠፈራቸው ሰዎች ምስክርነት ጭምር ይረጋገጥ። አራተኛ፣ ተጫዋቹ የውሉ አንድ ቅጂ በእጁ ይሰጠው፤ ክፍያው በባንክ ብቻ ይድረሰው፤ ለጉዳትም ዋስትና ይኑረው። ጣሪያ ማበጀት ትርጉም የሚኖረው ከነዚህ በኋላ ነው፤ ያለ ግልጽ መዝገብ የሚቆም ጣሪያ ግድግዳ የሌለው ቤት ጣሪያ ነውና።

እነዚህን ከላይ የሚያወርድልን አካል እስኪመጣ መጠበቅ አይገባንም። ዕድራችን የአንዲት ብር መዋጮ የት እንደገባች በወር በወሩ ይጠይቃል፤ ገንዘብ ያዡም ቆሞ ያስረዳል። ይህንኑ የጠያቂነት ልማድ ከዕድሩ ድንኳን ወደ ክለቡ ጽሕፈት ቤት ማሸጋገር ብቻ ይበቃናል። ‹‹ከነማ›› የነዋሪው ስም ነው፤ ስሙን በማልያ ላይ የሰጠ ነዋሪ መዝገቡን ገልጦ የማየት መብት አለው፤ ግዴታም አለበት።