የሌዘር መኪና የሚሸጥ ነጋዴ የሚቆምበትንም ቤት ያስብ

የነጋዴ ሥራ ዕቃውን ከወደብ አውጥቶ፣ ቀረጡን ከፍሎ፣ ለገዢው አስረክቦ ደረሰኝ በመቍረጥ ብቻ የሚፈጸም የሚመስላቸው አሉ። ለጨርቅ፣ ለስኳርና ለሳሙና ንግድ ይህ አስተሳሰብ ምናልባት ይበቃ ይሆናል። መኪና በሚሸጥበት ጊዜ ግን ንግዱ የሚፈተነው ገንዘቡ ከተቈጠረ በኋላ፣ መኪናው በገዢው ቤት ሥራ በሚጀምርበት ዕለት ነው። በዚህ ረገድ የሌዘር መቍረጫ መኪና ያህል ለነጋዴው ትምህርት የሚሰጥ ዕቃ ጥቂት ነው።

ሌዘር ማለት በአንድ ነጥብ ላይ እንዲያርፍ የተሰበሰበ ኃይለኛ ብርሃን ነው። እንጨት፣ ቆዳና አክሪሊክ የሚቈርጠው፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራው ዓይነት፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ ኩማር ፓቴል በተባለ ሊቅ የተፈለሰፈ ነው። በዚያን ጊዜ የሊቃውንት መመራመሪያ የነበረው መሣሪያ ዛሬ በአዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ በሰርቪስ ቤት ቆሞ የሱቅ ሰሌዳ፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የስም መለያና የስጦታ ዕቃ ይቈርጣል። ፋብሪካ ለማቋቋም ዐቅም የሌለው ሙያተኛም በገዛ ግቢው እንጀራውን ያገኝበታል።

ነገር ግን አንድ ሙያተኛ ያጠራቀመውንና የተበደረውን ገንዘብ አንድ ላይ አድርጎ ባለ 80 ዋት መኪና ገዛ እንበል። መኪናውን ወደ ሰርቪስ ቤቱ አስገብቶ ምጣድ ከሚሰካበት መስመር ላይ ይሰካዋል፤ የማቀዝቀዣውን ውኃ በባልዲ ያቀርባል፤ ጭሱን በመስኮት ይለቃል። ጥቂት ወራት እንደ ሠራ የብርሃኑ ኃይል ይደክማል፤ ቈይቶም የመስታወቱ ቱቦ ከነጭራሹ ከሥራ ውጪ ይሆናል። ገዢው «የተበላሸ ዕቃ ሸጠብኝ» ይላል፤ ሻጩም «ያቃጠለው መብራቱ ነው» ብሎ ይመልሳል። ከሁለቱ አንዱም ቮልቱን ለክቶ፣ የውኃውን ሙቀት አይቶ አያውቅም። ቱቦው ግን በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ መለዋወጫ ምን ያህል ብር እንደሚጠይቅ ለአስመጪ መንገር አያስፈልግም። እንግዲህ በአንድ ባልዲ ውኃ ምክንያት የጠፋው ቱቦ የአንድ ቤተ ሰብ ገቢ ብቻ ሳይሆን የአገር ሀብትም ነው።

በመጀመሪያ የኤሌክትሪኩን ነገር መመልከት ያስፈልጋል። ይህን መኪና ለማሠራት የፋብሪካ መስመር የግድ ነው ብለው የሚፈሩ አሉ። ሒሳቡ ግን እንዲህ አይደለም። ቱቦውን የሚያበራው የኃይል ማቅረቢያ፣ የውኃ ማቀዝቀዣው፣ የጭስ መሳቢያውና የአየር መንፊያው ተደምረው 2 ኪሎዋት ገደማ ይፈጃሉ፤ ይህም በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ነው። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ሁሉ ለሌዘር መኪና የሚበቃ ኃይል አለው ማለት ነው።

ችግሩ ያለው ከኃይሉ ብዛት ሳይሆን ከአለመርጋቱ ላይ ነው። ምጣዱ ሲሰካ በቀጭኑ ሽቦ ላይ ቮልቱ ይወርዳል፤ ሲነቀል መልሶ ይወጣል። መብራት ጠፍቶ በድንገት ሲመለስም እንደዚሁ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁ የአገሪቱን የኃይል ምንጭ አብዝቶታል፤ ይሁን እንጂ በግድቡና በሰርቪስ ቤቱ መካከል ረጅም ሽቦና ብዙ ትራንስፎርመር አለ። ስለዚህ ለመኪናው ከቈጣሪው ሥር የራሱ ብሬከር ያለው የተለየ መስመር ሊሳብለት ይገባል፤ ሽቦውም ከ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ያላነሰ፣ ሰርቪስ ቤቱ ከቈጣሪው ሩቅ ከሆነ ደግሞ 4 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን ይሻላል። ሞተሮች ሲነሡ የሚስቡትን ብልጫ እንዲችል 5 ኪሎቮልት አምፔር ያህል ስታቢላይዘር ማድረግ ይጠቅማል። ከሁሉ በላይ የመኪናው አካል ወደ መሬት በሚገባ ሽቦ መያያዝ አለበት። ቱቦውን ለማስነሣት ከ20,000 ቮልት በላይ የሚያመነጭ ዕቃ መሬት በሌለው ሶኬት ላይ መሰካት በሰው ሕይወት መጫወት ነው።

አስመጪው ሊያስተውለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስለ ሆነች የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስስ አየር ሙቀት የመውሰድ ኃይሉ ያነሰ ነው፤ ከፍተኛ ቮልት ዘሎ እንዳያልፍም የማገድ ችሎታው ይቀንሳል። ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃ ደግሞ በፋብሪካው ወረቀት ላይ የተጻፈው ችሎታው እስከ 1,000 ወይም እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ብቻ የሚጸና ነው። ስለዚህ ለፋብሪካው ትእዛዝ የሚጽፍ አስመጪ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ብሎ ሲገልጽ መኪናው የሚቆምበትንም ከፍታ አብሮ ቢጽፍ ዕቃው ከደረሰ በኋላ ከመከራከር ይድናል።

ሁለተኛው የሙቀት ነገር ነው። የመስታወት ቱቦ ከሚቀበለው ኃይል ወደ ብርሃን የሚለውጠው አንድ ዐሥረኛውን ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጠውን ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ወደ ውኃው ይገባል። ባለ 80 ዋት ቱቦ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 600 ዋት የሚሆን ሙቀት ለውኃው ይሰጣል። እንግዲህ 20 ሊትር ውኃ የያዘ ባልዲ መኪናው ሳያቋርጥ ቢሠራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከ10 ዲግሪ በላይ ይሞቃል ማለት ነው። ቱቦው የሚወደው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ያለውን ውኃ ነው። በ18 ዲግሪ ሥራ የጀመረ ባልዲ ረፋድ ላይ ከልኩ ያልፋል፤ ቱቦውም ዕድሜው ማጠር የሚጀምረው በዚያን ሰዓት ነው።

በዚህ ቦታ የሻጩ ቅንነት ይታያል። በገበያ ላይ በመልክ የሚመሳሰሉ ሁለት ዓይነት የውኃ ማቀዝቀዣዎች አሉ። አንደኛው ውኃውን በነፋስ ብቻ የሚያበርድ ስለ ሆነ ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዝ ከቶ አይችልም። ሁለተኛው እንደ ፍሪጅ ኮምፕረሰር ያለው ነው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። በአዲስ አበባ አነስተኛ ቱቦ ይዞ ሥራውን እያቋረጠ ለሚሠራ ሰው ፊተኛው ይበቃው ይሆናል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በሚያልፍበት በድሬዳዋ ግን ይህንኑ ዕቃ መሸጥ ደንበኛን ማታለል ነው። ኮምፕረሰር ያለው የገዛም ቢሆን ውኃውን ከመጠን በላይ ማቀዝቀዝ የለበትም። ውኃው ከክፍሉ አየር እጅግ ሲቀዘቅዝ፣ ይልቁንም በእርጥብ ወራት፣ በቱቦው ላይ ጤዛ ያርፋል፤ ጤዛና ከፍተኛ ቮልትም አብረው አይኖሩም። ውኃውም ማዕድኑ የተለየለት ዲስትልድ ውኃ እንጂ የቧንቧ ውኃ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል።

ሦስተኛው የክፍሉ አየር ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣራ ቀን እንደ ምድጃ ይግላል፤ ሌሊት ደግሞ ብርዱን ያስገባል። የክፍል ማቀዝቀዣ ለመግዛት ከመቸኰል አስቀድሞ ኮርኒስ መሥራትና በጣራውና በኮርኒሱ መካከል ሙቀት የሚከላከል ነገር ማድረግ ወጪው የቀለለ ጥቅሙም የበለጠ ነው። የጭስ መሳቢያው ከክፍሉ ውስጥ ያለውን አየር ያለማቋረጥ ወደ ውጭ ስለሚያወጣ፣ በብዙ ገንዘብ የቀዘቀዘው አየር አብሮ ይሄዳልና። ለሚወጣው አየር ምትክ የሚሆን የመግቢያ ቀዳዳ፣ አቧራ በሚይዝ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በተቃራኒው ግድግዳ ላይ መከፈት አለበት። የጭሱም ቧንቧ ወደ ጎረቤት መስኮት እንዳይመለከት ማሰብ የሰላም ነገር ነው።

ባለሱቁም ከዚህ ኃላፊነት ነጻ አይደለም። ፒ.ቪ.ሲ. የተባለው ሰሌዳና ከእርሱ የሚሠራው ሰው ሠራሽ ቆዳ በሌዘር ሲቃጠል ክሎሪን ያለበት መርዛም ጋዝ ያወጣል፤ ይህም የሠራተኛውን ሳንባ ይጐዳል፤ የመኪናውንም ብረት ያዝጋል። አክሪሊክና ፒ.ቪ.ሲ. በአንድ መደርደሪያ ላይ ያለ ምልክት ደርድሮ የሚሸጥ ባለሱቅ ሳያውቅ የደንበኛውን ጤና እየሸጠ ነው። በያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ ስሙን መጻፍ የሚጠይቀው አንድ እርሳስ ብቻ ነው።

«ይህን ሁሉ ብንዘረዝር ዋጋው ይከብድና ገዢው ወደ ሌላ ይሄዳል» የሚል ነጋዴ ይኖራል። እውነት ነው፤ ዝም ብሎ የሚሸጠው ለጊዜው ርካሽ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ስታቢላይዘሩ፣ ሽቦው፣ ማቀዝቀዣው፣ የጭስ ቧንቧውና ዲስትልድ ውኃው ሁሉ ንግድ ናቸው። የሚያስፈልገውን አስቀድሞ የነገረ ነጋዴ እነዚህን ራሱ ይሸጣል፤ ያልነገረ ግን ጠበቃ ሲፈልግ ይውላል። ገዢውም ቢሆን አስቀድሞ መጥኖ ካልደቈሰ ድስት ጥዶ ማልቀሱ አይቀርም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። አስመጪው ከዋጋ ማቅረቢያው ጋር በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ያያይዝ። በወረቀቱም ላይ መኪናው የሚፈልገው አምፔርና የሽቦ ውፍረት፣ የስታቢላይዘሩ መጠን፣ የመሬት ሽቦው አስፈላጊነት፣ የውኃው ሙቀትና የማቀዝቀዣው ዓይነት፣ የጭሱ መውጫና የአየሩ መግቢያ፣ የማይቈረጡት ዕቃዎች፣ እንዲሁም መኪናው እየሠራ ጥሎት መሄድ እንደማይገባና የእሳት ማጥፊያ በአጠገቡ መኖር እንዳለበት ይጻፍ። ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙበት፤ የዋስትናውም ቃል በዚሁ ላይ ይመሥረት። ያን ጊዜ ቱቦው ቢበላሽ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። መኪናውን ከሚቆምበት ቤት ጋር አስቦ የሸጠ ነጋዴም ያው ደንበኛ ለሁለተኛው መኪና ተመልሶ ሲመጣ ያየዋል።