ሊቀመንበሩን አይተው ተመለሱ

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከሐዋሳ ተነስቶ በዲላ በኩል ወደ ይርጋጨፌ የሚያቀና ሰው መንገድ ላይ ሁለት ዓይነት መኪና ይገጥመዋል። አንዱ እሸት ቡና የጫነ አይሱዙ ነው። ሌላው ፈረንጆች የጫነ ኮስተር ነው። ኮስተሩ ውስጥ ያሉት እንደ ላሊበላ ጎብኚ ታሪክ ፍለጋ የመጡ አይደሉም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር አባላት፣ ቡና ቆይዎች፣ የካፌ ባለቤቶች ናቸው። ስለ ፍትሐዊ ንግድና ስለ ዘላቂ ልማት በአካል ተገኝተው ሊማሩ ነው የመጡት።

እነዚህን ጉዞዎች አልጠላም። አንድ የሃያ ዓመት ልጅ በየጠዋቱ የሚጠጣውን ቡና ማን እንደለቀመው ለማወቅ ብሎ ባሕር መሻገሩ ያስመሰግነዋል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ስለ ፍትሕ ሊያስተምር የተነሳው ጉዞ ራሱ ፍትሐዊ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ፕሮግራሙን በቃል መያዝ ይቻላል። እንግዶቹ ቡና መፈልፈያ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ይወርዳሉ። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከአንዳንድ የኮሚቴ አባላት ጋር ይቀበላቸዋል። ቀዩ ፍሬ በማሽን ሲፈለፈል፣ በገንዳ ውስጥ ሲብላላ፣ ታጥቦ በአልጋ ላይ ሲሰጣ ያያሉ። ቀጥሎ በፕሪሚየም ገንዘብ፣ ማለትም ገዢው ከዋጋው በላይ ለማኅበሩ በሚከፍለው፣ ወደ ተሠራው ትምህርት ቤት ወይም ድልድይ ይወሰዳሉ። ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ፈንድሻው ይመጣል፣ አቦል ይቀዳል። ፎቶ ይነሳሉ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ኮስተሩ ወደ ሎጅ ይመለሳል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ውሸት የለም። ሊቀመንበሩም የሚናገረው እውነቱን ነው፤ ደግሞም የሚኮራበት ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1989 አምራችና ገዢ አገሮችን ያስማማው የዓለም ቡና የኮታ ሥርዓት ሲፈርስ ዋጋው መንሸራተት ጀመረ። በ2001 አንድ ፓውንድ ቡና፣ ማለትም ከግማሽ ኪሎ ትንሽ የሚያንስ፣ ኒውዮርክ ላይ ከ50 ሳንቲም በታች ተሸጠ። ሐረርጌ ላይ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ገበሬ ብዙ ነው። በዚያው ክፉ ዘመን ነው የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ዩኒየኖች የተቋቋሙት። የኦሮሚያው በ1999፣ የሲዳማው በ2001፣ የይርጋጨፌው በ2002። የአገር ውስጡን የቡና ጨረታ አልፈው በቀጥታ ለውጭ ገዢ መሸጥ ተፈቀደላቸው። የኦሮሚያው ዩኒየን መሪ ታደሰ መስቀላ ገዢ ፍለጋ ሲንከራተት የሚያሳየው «ብላክ ጎልድ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም በ2006 ወጣ። በዚያው ሰሞን መንግሥታችን የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋጨፌን ስም አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲታገል ከስታርባክስ ጋር ተናንቆ ነበር፤ በ2007 ስምምነት ላይ ተደረሰ። ዛሬ በኮስተር የሚመጣው ተማሪ ያንን ፊልም ያየ መምህር ያመጣው ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን ያ ታሪክ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ የጉብኝቱ ትምህርት ግን እዚያው ላይ ቆሟል። የፍትሐዊ ንግድ ምልክት የሚሰጠው የፌርትሬድ ዝቅተኛ ዋጋ ለታጠበ አረቢካ ለብዙ ዓመታት በፓውንድ 1.40 ዶላር ነበር፤ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ 1.80 ሆኗል። በዚያ ላይ 20 ሳንቲም ፕሪሚየም ይጨመራል። ይህ ወለል፣ የገበያው ዋጋ ሲወድቅ፣ ገበሬውን ይደግፋል፤ ሥራውም ይኸው ነው። ሆኖም በ2025 መጀመሪያ የኒውዮርክ ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። ከወለሉ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ገዢው የገበያውን ዋጋ ከነፕሪሚየሙ ይከፍላል እንጂ ስለ ወለሉ የሚያወራበት ምክንያት የለም። ጥያቄው ወደ ሌላ ቦታ ይዞራል፤ ኒውዮርክ ላይ የወጣው ዋጋ ይርጋጨፌ ያለበት ጌዴኦ እስኪደርስ ምን ያህሉ መንገድ ላይ ቀረ?

ለአንድ ኪሎ የኤክስፖርት ቡና ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ያስፈልጋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ ያው አንድ ዶላር የሚያመጣው ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ የዘይቱ፣ የሳሙናውና የቆርቆሮው ዋጋም አብሮ ጨምሯል። ገበሬው ተጠቅሟል ወይስ ባለበት ነው? ይህ በድልድይ ምረቃ ፎቶ አይታወቅም። የሚታወቀው በሂሳብ መዝገብ ነው። በፌርትሬድ ደንብ የፕሪሚየሙን አጠቃቀም የሚወስነው የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ ቢያንስ ሩብ ያህሉም ለቡናው ጥራትና ምርታማነት መዋል አለበት። ስለዚህ ቃለ ጉባኤ አለ ማለት ነው። ማኅበሩ ካመረተው ቡና በምልክቱ የተሸጠው ምን ያህሉ እንደሆነም ይጻፋል፤ ምልክት ያለው ማኅበር ምርቱን በሙሉ በዚያ ዋጋ አይሸጥምና። ጎብኚው ፈንድሻውን እየቆረጠመ ሰላሳ ደቂቃ ለቃለ ጉባኤው ቢሰጥ ኖሮ ከመላው ጉዞ የሚበልጥ ትምህርት ያገኝ ነበር።

ሊቀመንበሩ የማኅበሩ አባል የሆነውን ገበሬ ይወክላል። የቀን ሠራተኛውን ግን ማን ይወክለዋል? የለንደን ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው ሶአስ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ጥናት ብዙ ያነጋገረው በዚህ የተነሳ ነው። አጥኚዎቹ በኢትዮጵያ ቡናና አበባ፣ በኡጋንዳ ቡናና ሻይ ላይ ለዓመታት ሠርተው የደረሱበት ድምዳሜ መራራ ነበር፤ የፌርትሬድ አምራች ድርጅቶች ባሉባቸው አካባቢዎች የሚሠሩ ቅጥር ሠራተኞች ደመወዝም ሆነ የሥራ ሁኔታ ከሌሎች አካባቢዎች የተሻለ አልነበረም፤ እንዲያውም በአብዛኛው የከፋ ነበር። የፌርትሬድ ሰዎች አነስተኛ ገበሬ ያለበትን አካባቢ ከትልቅ እርሻ ጋር ማወዳደር ተገቢ አይደለም ብለው ተከራከሩ። ክርክራቸው ውኃ የሚያነሳ ነው። ጥናቱ ያነሳው ጥያቄ ግን አሁንም ክፍት ነው፤ አንድ ሄክታር የማትሞላ ማሳ ያለው ገበሬ እንኳ በለቀማ ሰሞን ሰው ይቀጥራል፤ የተቀጠረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ማሳ የሌለው፣ የማኅበሩ አባል ያልሆነ፣ ስብሰባ የማይጠራ ነው። አብዛኛውን ጊዜም ሴት ናት።

እንዲህ ያሉ ሴቶች አዲስ አበባም አሉ። አንድ ጊዜ ለአንድ የውጭ ተማሪዎች ቡድን አስተርጓሚ ሆኜ ከከተማው ዳር ወደሚገኝ የቡና ማበጠሪያ መጋዘን ገብቼ ነበር። በፕሮግራሙ ላይ ያልነበረ፣ በመንገድ መዘጋት ምክንያት የመጣ ጉብኝት ነው። ሴቶቹ በረድፍ ተቀምጠው ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ነቀዝ የበላውን ፍሬ እየለቀሙ ይጥላሉ። አንዷ ቀና ሳትል «ወንድሜ፣ እነዚህ ልጆች እዚህ ለመምጣት ስንት ከፍለው ነው?» አለችኝ። የአውሮፕላኑን ጨምሬ ነገርኳት። «ታዲያ ለእኛ ስንቱ ነው?» አለች። የጉዞውን አዘጋጅ ጠየቅኩት። ለመጋዘኑ ባለቤት የምስጋና ደብዳቤ እንደሚጻፍ ነገረኝ። ይህንን ለእሷ አልተረጎምኩላትም።

ጥያቄዋ ግን ልክ ነው። ኮስተሮቹ የሚመጡት በለቀማ ሰሞን ነው፤ ያኔ ነው መፈልፈያው የሚዞረው፣ አልጋው የሚሞላው። የኮሚቴ አባላቱ ቡና በሚረከቡበት፣ ሚዛን በሚጠብቁበት ወቅት ግማሽ ቀን እንግዳ ያስተናግዳሉ። እንግዳ ተቀባይነታችንን በነፃ መስጠት ለምደናል፤ አስጎብኚ ድርጅቱ ግን ያንኑ በዶላር ይሸጠዋል። መፍትሔውን ከሩቅ መፈለግ አያሻም። ላስታ አጠገብ መቄት ወረዳ ውስጥ «ተስፋ» በተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ገበሬዎቹ የራሳቸውን ማረፊያ ጎጆ ይዘው፣ እንግዳውን ራሳቸው እየመሩና እየመገቡ፣ ዋጋው አስቀድሞ ተቆርጦ ገቢው ለመንደሩ የሚገባበትን አሠራር ዘርግተዋል። የሰሜኑ ጦርነት አጠገባቸው እስኪደርስ ድረስ ጥሩ ይሄድ ነበር። ደቡብ አፍሪካዎቹ ደግሞ ራሱን ቱሪዝሙን በፍትሐዊ ንግድ መመዘኛ እየፈተሹ ምልክት መስጠት ከጀመሩ ቆይተዋል። ለቡናው መመዘኛ አለ፤ ቡናውን ሊጎበኝ ለሚመጣው ኮስተር የማይኖርበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ዘላቂ ልማት ብዙ አልልም፤ የጌዴኦ ገበሬ እንሰቱን፣ ቡናውንና ትልልቁን ዛፍ በአንድ ተዳፋት ላይ አስማምቶ ማኖሩን ዩኔስኮም በ2023 በዓለም ቅርስነት መዝግቦለታል። እሱን ስለ ደን ማስተማር ይቅርብን። አውሮፓዊው ተማሪ ይልቅ የራሱን ሕግ ቢያይ ይሻለዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ደንብ ቡና ወደ ገበያው የሚገባው ከታኅሣሥ 2020 መጨረሻ ወዲህ ደን ካልተመነጠረበት መሬት መምጣቱ በማሳው መገኛ ነጥብ ሲረጋገጥ ነው። ተግባራዊነቱ እየተራዘመ ነው፤ የሚሊዮኖችን ቁርጥራጭ ማሳ እየዞሩ መለካቱ ግን ከወዲሁ ዩኒየኖቹን አስጨንቋል። ወጪውን ማን ይሸፍን? ይህን ጥያቄ ተማሪው ወደ አገሩ ይዞት ቢመለስ ለእኛ ከምስጋና ደብዳቤ ይበልጥብናል።

አሁን ወደ ራሳችን። ከምናመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ነን። የኢትዮጵያ ቡና ትልቁ ገዢ ጀርመንም ሳዑዲም አይደለም፤ የእኛው ጀበና ነው። ያም ሆኖ ፍትሐዊ ንግድ ሲባል የፈረንጅ ሕሊና ጉዳይ አድርገን ነው የምንሰማው። ለኤክስፖርት የሚመጥን ቡና በአገር ውስጥ መሸጥ ለረጅም ዘመን የተከለከለ ስለነበር ያቺ መጋዘኑ ውስጥ ያገኘኋት ሴት ለቅማ የምትጥለው ፍሬ ወደ እኛ ሲኒ ሲመጣ ኖሯል። በጀበና ቡናችን ዋጋ ውስጥ የለቃሚዋ ድርሻ ስንት ነው? የሚያጠናም የሚጠይቅም የለም። ቡናው ተወደደ ብለን ግን በየቀኑ እናማርራለን።

የከተማ ተማሪን ወደ ገጠር መላክ ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ ያገለግል ነበር። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ገደማ ተማሪና መምህር ዘምቷል። ሁለቱም ጊዜ ከተሜው አስተማሪ፣ ባላገሩ ተማሪ ተደርጎ ነው የታሰበው፤ ዘመቻው ደግሞ ብዙ ደም አስከፍሏል፤ ይመለስ አልልም። እኔ የምለው ትንሽ ነገር ነው። ማርኬቲንግ ወይም ኢኮኖሚክስ የሚማር የአዲስ አበባ ልጅ የስታርባክስን ታሪክ በእንግሊዝኛ አንብቦ ይፈተናል፤ እሸት ቡና ሲመዘን ሳያይ ግን ይመረቃል። በአንጻሩ ከሚኒሶታ የመጣው እኩያው ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ተነስቷል። ሁለቱ በአንድ ኮስተር ቢሄዱ ደግሞ ሊቀመንበሩ በአስተርጓሚ የሚመልሰውን የእኛው ልጅ በቀጥታ ጠይቆ ይረዳዋል፤ የተባለውንና ያልተባለውንም ይለያል።

አስጎብኚ ድርጅቶች ሆይ፣ ለምታስተናግዱት ቡድን ሁሉ ጥቂት ወንበር ለአገር ልጅ ያዙ፤ ዋጋውን ውጭ አገር በሚሸጠው ጥቅል ላይ ጨምሩት፤ እዚያ ማንም አይሰማውም። ለማኅበሩና ለለቃሚዎቹ የቀኑን ክፍያ በደረሰኝ ክፈሉ። ዩኒየኖችም እንግዳ ሲመጣ ከአቦሉ በፊት መዝገቡን አውጡ፤ እንግዶቹም ከለቃሚዎቹ ጋር ሊቀመንበር በሌለበት ይነጋገሩ። የዲላ፣ የሐዋሳና የጅማ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ደግሞ የአውቶቡስ በጀት እስኪፈቀድ አትጠብቁ፤ መፈልፈያ ጣቢያው ከግቢያችሁ ሩቅ አይደለም። ለቀማው በጥቅምት ይጀምራል፤ የጉብኝት መጠየቂያው ደብዳቤ ከዚያ በፊት ከተጻፈ ይደርሳል።