በአንድ መርፌ የሚሠራ የበግ ጠጉር ሙያ

ከማጀቴ በላይ ባለው በመንዝ ደጋ የበግ ጠጉር የሚያልፈው በሁለት እጅ ነው፤ ሴቲቱ በእንዝርት ትፈትላለች፥ ሸማኔው ባናና ዝተት ይሠራል። የእርሷ ድካም በፈትልነቱ ይቀራል፤ ዕቃ አድርጎ የሚጨርሰው ሌላ ነው። ዛሬ የምንገልጸው ሙያ ግን ሸማኔም ሹራብ መሥሪያ መኪናም አያሻውም። ከፈትሉ እስከ ዕቃው ድረስ የራሷ የባለሙያዋ ነው።

ሙያው ጥንታዊ ነው። ከግብፅ አንቲኖፖሊስ ከተማ የተገኘና በለንደን ብሪትሽ ሙዚየም የሚጠበቅ አንድ የሕፃን ካልሲ ከ1,600 ዓመት በላይ ዕድሜ ሲኖረው፥ የተሠራው ከበግ ጠጉር በዚሁ ዘዴ ነው።

እናቶችና እህቶች፥ ለመጀመር የሚያስፈልጋችሁ ወፈር ያለ የበግ ጠጉር ፈትልና ጆንያ የሚሰፋበት ትልቅ መርፌ ብቻ ነው። መርፌው ጫፉ ደነዝ ቢሆን ይመረጣል። ፈትሉ በሙሉ በየስፌቱ ስለሚያልፍ ከሁለት ክንድ ወይም ከሦስት ክንድ አይብለጥ።

በፈትሉ ጫፍ ላላ ያለ ቀለበት ቋጥራችሁ በግራ እጃችሁ አውራና አመልካች ጣት መካከል ያዙ። ወደ መርፌው የሚሄደውን ፈትል በአውራ ጣታችሁ ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥሙ። መርፌውን በቀለበቱ ውስጥ አሳልፉና መልሳችሁ በጥምጥሙና ወደ መርፌው በሚሄደው ፈትል ሥር አውጡት። ስትስቡ በጣታችሁ ላይ አዲስ ጥምጥም ይቀራል፤ የቀድሞው ወደ ኋላ ይወርዳል። ቀጣዩ ስፌትም እንዲሁ ነው።

ፈትሉ ሲያልቅ አትቋጥሩ። የሁለቱን ጫፍ አፍታታችሁ በውሃ አርጥቡና አነባብራችሁ በመዳፍ ፈትጉ፤ ይያያዛል። ጥጥ ይህ ጠባይ የለውም፤ ስለዚህ ጥጥ መፍተል የለመደች የቆላ እናትም ለዚህ ሥራ የበግ ጠጉር ትያዝ።

አሥር ያህል ስፌት ሲሞላ እንደ ሰፌድ እምብርት ጠቅልሉት። ከዚያ በኋላ መርፌው በየስፌቱ ከቀደመው ዙር አንድ ቀለበት ጨምሮ ያንሣ። ዙሩ እንዳይኮማተር አልፎ አልፎ በአንድ ቀለበት ሁለት ስፌት አድርጉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የድስት መያዣ ይበቃል። መጨመሩን ስታቆሙ ጠርዙ ቀና ይላል፤ የሕፃን ቆብም የሚወጣው ከዚሁ ነው።

ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ሲታሽ ስለሚጠብ መጀመሪያ ሰፋ አድርጋችሁ ሥሩት። ይህ ሥራ ቢቆረጥ እንኳ እንደ ሹራብ አይተረተርም። ቆቡና ካልሲው ለቁር አገር ሰው ይፈለጋልና፥ እጃችሁ ሲፈታ ገበያ ይዛችሁ የምትወጡት ፈትሉን ሳይሆን ያለቀውን ዕቃ ይሁን።