በዘር ስለሚወርድ የጨጓራ ነቀርሳ

ወላጅ ርስትንና ስምን ብቻ ሳይኾን፥ ሳያውቀው ደዌንም ለልጁ ሊያወርስ ይችላል። በኒውዚላንድ አገር አንድ የማኦሪ ቤተ ሰብ በ30 ዓመት ውስጥ 25 ያህል ዘመዶቹን በጨጓራ ነቀርሳ ምክንያት ቀበረ፤ ከሟቾቹም መካከል የ14 ዓመት ልጅ ነበረበት። ነገሩን እርግማን ነው የሚሉም ነበሩ። ቤተ ሰቡ ግን የትውልዱን ሐረግ ቈጥሮ ከኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ጋር መከረ። ሊቃውንቱም በእኛ አቈጣጠር በ1990 ዓ.ም. ሲዲኤች 1 በተባለው የዘር ቅንጣት ላይ ጉድለት እንዳለ ገለጡ።

የጨጓራ ነቀርሳ ኹሉ በዘር የሚወርድ አይደለም፤ የሚወርደው ጥቂቱ ነው። ይህ ጉድለት ካለበት ወላጅ ግን ለእያንዳንዱ ልጅ፥ ወንድም ኾነ ሴት፥ የመድረሱ ዕድል ከ2 አንድ ነው። ጉድለቱ በደም ምርመራ ይታወቃል። የተገኘበትም ሰው ሕመሙ ሳይጀምረው ጨጓራውን በቀዶ ሕክምና ማስወጣት ይችላል፤ ከዚያም በኋላ ጥቂት በጥቂት እየተመገበ ይኖራል።

ከምርመራው በፊት የዘር ሕመም ዐዋቂ ከቤተ ሰቡ ጋር ይመክራል። ሥራውም ማስረዳት ነው እንጂ ማዘዝ አይደለም፤ ምርጫው የባለቤቱ ነው።

እኛ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ዘር መቍጠር ልማዳችን ነው። እንግዲህ ስንቈጥር ማን በምን ሕመም፥ በስንት ዓመቱ እንደ ሞተ ጨምረን ለልጆቻችን እንንገር። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትምና።