ጭንቀታችሁን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ግቡ

በየሰፈራችን እንቅልፍ አጥተው የሚያድሩ ወጣቶች አሉ። ሥራ አላጡም፣ ሰው አልሞተባቸውም። አንድ ምሽት የሆነች ነገር ናት ውስጣቸውን የምትበላው፤ መሳሳም፣ መተቃቀፍ፣ ወይም በኮንዶም የተደረገ ግንኙነት። ለባለሙያ ቢነግሩት በአንድ ጭውውት የሚቀለውን የኤችአይቪ ሥጋት ወራት ሙሉ ይሸከሙታል። እኛም እናያቸዋለን። «ምነው ከሳህ? ምነው ጠቆርሽ?» ብለን እናልፋለን፤ አረፍ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሊያሳፍረን ይገባል።

መርካቶ ሸቀጥ የሚሸጥ አንድ ልጅ አውቃለሁ። ሽማግሌ ልኮ፣ የሠርጉን ቀን አስቆርጦ ነበር። አንድ ማታ ከጓደኞቹ ጋር አምሽቶ ከማያውቃት ሴት ጋር አደረ። ኮንዶም ተጠቅሟል፤ አልተቀደደም፣ አልወለቀም። በማግስቱ ጉሮሮውን ከረከረው። በሳምንቱ ብሽሽቱን አሳከከው። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀው፣ እሱ ከመደርደሪያው ጀርባ ተደብቆ በስልኩ መብራት ምላሱን በመስታወት ያያል። ከመድኃኒት ቤት በግምት አሞክሳሲሊን ገዝቶ ዋጠ፤ አልተወውም፣ ሌላ ዋጠ፣ ከዚያም ሌላ። መድኃኒቱ ሆዱን ሲያውከው ደግሞ «ይኸው ተቅማጡ ጀመረኝ፣ አበቃልኝ» አለ። የእጮኛውን ስልክ ማንሳት ተወ።

ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ታላቅ እህቱ እጁን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሷ ጣቱን ወግታ ጠብታ ደም ወሰደች። ብዙም ሳይቆዩ ውጤቱን ነገረችው፤ ከኤችአይቪ ነፃ ነው። የቂጥኙም ምርመራ ነፃ። ሠርጉ ግን ፈርሷል። ልጅቷ ጥፋቷ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ቀርታለች። ያን ትዳር በሽታ አላፈረሰውም፤ ዝምታ ነው ያፈረሰው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን። እሱ የደበቀው በሽታ እንኳ አልነበረም! ወንድሜ፣ እህቴ፣ ጠይቁ!

ኤችአይቪ በመሳሳም፣ በመተቃቀፍ፣ አብሮ በመብላት፣ መጸዳጃ ቤት በመጋራት አይተላለፍም። ኮንዶም በትክክል ከተጠቀሙበት ከኤችአይቪም ከጨብጥም በእጅጉ ይከላከላል። ቂጥኝና የብልት ሄርፒስ ግን ኮንዶም ባልሸፈነው ቆዳ ንክኪም ሊተላለፉ ስለሚችሉ «ፈጽሞ ምንም የለም» ብዬ አላታልላችሁም። ስለዚህ ነው ጠይቁ የምለው። ጨብጥም ቂጥኝም በትክክለኛው መድኃኒት ይድናሉ፤ በግምት የሚዋጠው አንቲባዮቲክ ግን ተህዋሲያኑን መድኃኒት ያለማምዳል። የልብ መምታት፣ ላብ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የሆድ መታወክ ጭንቀት ብቻውን የሚያመጣቸው ናቸው። ኤችአይቪን ምላስ በማየት ያወቀ ሰው የለም፤ የሚያውቀው ምርመራ ነው።

ያደግንበት የማስፈራሪያ ዘመን ደግሞ አልፏል። በአገራችን የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላው አያስተላልፍም። ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅን ልጆቻችን ለምን በፍርሃት ይለቁ?

ጓደኞች፣ የነገራችሁን ሰው አትሳቁበት፤ አብራችሁት ሂዱ። የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች፣ ፈርቶ ለመጣ ልጅ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ ቆጥራችሁ አትስጡ፤ ወደ ሐኪም ላኩት። የጤና ባለሙያዎች፣ ስንት ቀን ሲፈራ ሲቸር ቆይቶ በራችሁን ያንኳኳውን «የት ስትዞር ነበር?» አትበሉት፤ በዚያች አንዲት ቃል ዳግም ላይመለስ ይችላል። እናትና አባት፣ ልጃችሁ ክፍሉን ዘግቶ ሲውል በቁጣ ሳይሆን በፍቅር ጠይቁት። የምትጨነቁት ደግሞ፣ እለምናችኋለሁ፣ ዛሬ ሌሊት ደግማችሁ ያለ እንቅልፍ አትደሩ! ነገ ጠዋት ሂዱ! ተመርመሩ!

አስቸኳዩ ይህ ነው፦ ኮንዶም ካልነበረ፣ ከተቀደደ፣ ወይም ከተደፈራችሁ 72 ሰዓት ሳይሞላ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ደርሳችሁ ስለ ኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ጠይቁ፤ የሚወሰደው ለ28 ቀን ነው፣ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል። 72 ሰዓቱ ካለፈም አትቅሩ፤ አሁን ተመርመሩ፣ ከግንኙነቱ 3 ወር ሲሞላ ድገሙ። የ3 ወሩ ውጤት ነፃ ካለ፣ ለዚያ ምሽት መልሱ እሱ ነው፤ ክሊኒክ እየቀያየራችሁ ገንዘባችሁን አትጨርሱ። ሽንት ካቃጠላችሁ፣ ፈሳሽ ወይም ቁስል ካያችሁ አንድ ቀን አትጠብቁ። ጭንቀቱ ከውጤቱ በኋላም ካልለቀቃችሁ ይህንኑ ለሐኪሙ ንገሩት፤ እሱም ሕክምና አለው። የኤችአይቪ ምርመራ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃና በምስጢር ይሰጣል። መሄድ የከበዳችሁ መጀመሪያ በጤና ሚኒስቴር ነፃ የስልክ መስመር 952 ደውሉ።