በሬው ለምን ይሸጣል?



ውድ አንባብያን! በዚህ ወር የምንመልሰው ከወግዲ የደረሰንን የአንድ አባት ደብዳቤ ነው። ልጃቸው በማኔጅመንት ሁለተኛ ዲግሪውን ሊጨርስ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። «ለመመረቂያ ጽሑፍ» ብሎ ገንዘብ ጠየቃቸው። ሲያጣሩ ግን ጽሑፉን በክፍያ የሚሠራለት ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። «ልጄ ሥራ እንዲያገኝ በሬዬን ልሽጥለትን?» ይላሉ።

የተከበሩ አባት! አይሽጡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢያስገቡ ከላይ ደረቅ፣ ከውስጥ እርጥብ ሆኖ እንዳገኙትና ባለቤቱን አጥብቀው እንደገሠጹት ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። የተገዛ ጽሑፍም እንደዚያ ክምር ነው፤ ቀጣሪው በቃለ መጠይቅ ጊዜ እጁን ሲያስገባ እርጥቡን ያገኘዋል።

ታዲያ ልጁ ምን ያድርግ? በዕረፍቱ ወደ ወግዲ ይምጣና የገበሬዎችን ኅብረት ሥራ ማኅበር አስፈቅዶ ሥራውን ይከታተል። ማዳበሪያው ስንት ቀን ዘግይቶ ደረሰ? መዝገቡና መጋዘኑ ይስማማሉን? ዕዳው እንዴት ይሰበሰባል? ይህን ጠይቆ፣ ቆጥሮ፣ በገዛ እጁ ይጻፍ። ሒሳብ በኮምፒውተር መሥራትንም ይልመድ። ያን ጊዜ ለቀጣሪው የሚናገረው የራሱ ነገር ይኖረዋል።

በ2013 ዓ.ል. ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆነው ሥራ ጀምረዋል። በሙራበሓ ውል ባንኩ ዕቃውን አስቀድሞ ገዝቶ፣ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን ገልጦ ለደንበኛው ይሸጣል። ይህን ለነጋዴው በቀላል አማርኛ ማስረዳት የሚችልና መዝገብ የማያዛባ ሰው መሆን ግን በዲግሪ ወረቀት ብቻ አይገኝም።

ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) የግብጽን ግምጃ ቤት እንዲሾሙበት ሲጠይቁ ያቀረቡት ሁለት ነገር ነበር፤ ጠባቂነታቸውንና ዐዋቂነታቸውን (ሱረቱ ዩሱፍ 55)። ልጅዎም ሁለቱን ይያዝ።

ቅጥር ቢዘገይስ? ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ወደ መዲና ሲሰደዱ የአንሷር ወንድማቸው ግማሽ ሀብቱን ቢያቀርብላቸው ዱዓ አድርገውለት ገበያውን እንዲያሳያቸው ብቻ ጠየቁ። አይብና ቅቤ ከመነገድም አልተሸማቀቁም። ሁለተኛ ዲግሪ የያዘም ሰው በወግዲ ገበያ መነገድን ውርደት ሊያደርገው አይገባም።

የተከበሩ አባት! በሬው እርሻውን ይረስ፤ ልጅዎም የራሱን እርሻ ይረስ። አላህ (ሱ.ወ.) ሐላል ሪዝቅ ይወፍቀው።

ወላሁ አዕለም።