የሠዓሊ ሥራና የነጋዴ ሰነድ

አንድ ኮምፒውተር ከውጭ አገር ወደ አዲስ አበባ ሲገባ ብቻውን አይገባም። የሻጩ ፋክቱር፣ የማጓጓዣው ሰነድ፣ የባንኩ ፈቃድና የጉምሩኩ ዲክላራሲዮን አብረውት ይመጣሉ፤ በሱቅም ሲሸጥ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ዕቃው አርጅቶ ከተሰበረ በኋላ ግን ወረቀቱ ሁሉ ይቀርና ሽቦውና ሰሌዳው ውዳቂ ሆኖ በመርካቶ ይሸጣል። ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ይህንኑ ውዳቂ እየገዛ፣ ሽቦውን እየጎነጎነ፣ ሰሌዳውንና የመተየቢያውን ቁልፍ እየደረደረ የሠራቸው ታላላቅ ሥራዎች በአሜሪካ ሙዚየሞች ለሕዝብ ታይተዋል። እርሱም ከባልደረባው ከወይዘሮ መስከረም አሰግድ ጋር በመካኒሳ ያቋቋመው ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ፣ ቀድሞ በአልኮል ፋብሪካው ይታወቅ የነበረው ሠፈር በሥነ ጥበብም የሚጠራ ሆኗል።

እንግዲህ ሞቶ የነበረው ዕቃ በሠዓሊ እጅ እንደገና ሲወለድ የልደቱን ወረቀት የሚጽፍለት ማነው? የኤልያስ ስሜ ሥራ በኒው ዮርክ ጄምስ ኮኸን በተባለው ጋለሪ በኩል ለገበያ ስለሚቀርብ ርእሱ፣ ዓመቱ፣ ልኩና የተሠራበት ነገር ተጽፎ ይሄዳል። ስም ያላወጣው ወጣት ሠዓሊ ግን ሥዕሉን ለሆቴል ወይም ለስጦታ ዕቃ ሱቅ ሸጦ ገንዘቡን በእጁ ይቀበልና ይለያያሉ። ደረሰኝ የለም፤ ውል የለም፤ አንዳንድ ጊዜም የሥዕሉ ፎቶግራፍ እንኳ የለም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያው ሥዕል በቀን መቁጠሪያ፣ በቡና ከረጢት ወይም በካናቴራ ላይ ታትሞ ሲያየው፣ አቤት የሚልበት ማስረጃ ያጣል።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። ገና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1647ኛው ቁጥር ጀምሮ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። ከዚያም በኋላ የወጣውና በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱን በሰፊው ይዘረዝራል። በዚህም አዋጅ መሠረት የራሱ ወጥ ፈጠራ የሆነ ሥዕል ተሠርቶ ካለቀበት ጊዜ አንሥቶ ያለ ምንም ምዝገባ ይጠበቃል፤ የሠዓሊውም የኤኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉ፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት ይጸናል። «ካላስመዘገበ መብት የለውም» የሚለው አነጋገር በገበያ የተለመደ ቢሆንም ሐሰት ነው። በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገብ በባለቤቱ ፈቃድ የሚደረግ ሲሆን ጥቅሙም ማስረጃን ማጠንከር ነው። መብት ሌላ፣ ማስረጃ ሌላ ነው፤ ዳኛ የሚፈርደው ግን ማስረጃ አይቶ ነው።

ማስረጃን በማደራጀት ረገድ ደግሞ ከነጋዴ የበለጠ የሠለጠነ ሰው አይገኝም። በመጋዘን ያለ ዕቃ ሁሉ በመዝገብ እንደሚያዝ፣ ሠዓሊውም ለእያንዳንዱ ሥራ ተራ ቁጥር ሰጥቶ፣ የተፈጸመበትን ቀን፣ ርዝመቱንና ስፋቱን፣ ሸራ ወይም ቆዳ ወይም እንጨት መሆኑን፣ ለማን በስንት ብር እንደ ተሸጠ ቢጽፍ ከባድ ነገር አይደለም። ቁጥሩ በሥዕሉ ጀርባ፣ ፊርማው በፊቱ ይሁን። የመጀመሪያው ንድፍ አይጣል፤ ሥዕሉ ገና በመሠራት ላይ ሳለ የተነሡት ፎቶግራፎች ከተጠናቀቀው ሥራ ፎቶግራፍ ይልቅ በሙግት ጊዜ ይጠቅማሉ፤ የሰረቀ ሰው እነርሱን ሊያቀርብ አይችልምና። በስልክ የተነሣው ፎቶግራፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲላላክ የተነሣበት ቀን ሊጠፋበት ስለሚችል፣ ዋናው ቅጂ ሳይነካ በሁለት ቦታ መቀመጥ አለበት። መዝገቡም በየዕለቱ ይጻፍ። ሙግት ሲመጣ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ እስክሪብቶ የተጻፈ መዝገብ ከሩቅ ያስታውቃል።

የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ብዙ ጊዜ ስሙን በሥዕሉ ላይ አይጽፍም ነበር፤ ሥራውን ለክብር እንጂ ለገበያ አላደረገውምና ያስመሰግነዋል። ለገበያ የሚሠራው የዛሬው ሠዓሊ ግን ይህን ልማድ የሚከተልበት ምክንያት የለም። እርግጥ የንግሥተ ሳባ ታሪክ በ44 ክፍል ተከፋፍሎ መሣሉ የሁሉም ቅርስ ነው፤ ማንም የእኔ ነው ሊል አይችልም። አንድ ሠዓሊ ያንን ታሪክ በራሱ እጅ የሣለው ሥዕል ግን የራሱ ነው።

የስምና የተራ ቁጥር ጥቅም ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት ከሸክላ ንግድ የተገኘ ምሳሌ አለ። በ1961 ዓ.ም. የሙዚቃ ቤት ባለቤት የነበሩት አቶ አምኃ እሸቴ፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ መሆኑ እየታወቀ፣ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀርጸው በውጭ አገር አሳትመው አስመጡ። ድፍረታቸው ለነጋዴ ሁሉ የሚመከር ባይሆንም፣ ያለዚያ ድፍረት የዚያ ዘመን ሙዚቃ ብዙው ሳይቀረጽ በቀረ ነበር። በሸክላዎቹም ላይ የድርጅቱ ስም፣ የዘፋኙ ስምና ተራ ቁጥር ታትሞ ነበር። አቶ አምኃ በደርግ ዘመን ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ንግዱም ቆመ። ይሁን እንጂ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ ለማውጣት በተነሣ ጊዜ፣ ስለ እነዚያ ሸክላዎች ከማን ጋር መዋዋል እንዳለበት የሚያስቸግር አልሆነም፤ ስሙ በሸክላው ላይ ተጽፏልና። በካሴት ዘመን ባዶ ካሴት እየገዛ የሰው ዘፈን ይገለብጥ የነበረው ነጋዴ ግን ለማንም፣ ለራሱም ጭምር፣ የሚያወርሰው ነገር አላስቀመጠም።

«ሥዕሉን በገንዘቤ ገዝቼዋለሁ፤ እንደ ፈለግሁ ባሳትመው ማን ይከለክለኛል?» የሚል ነጋዴ ብዙ ነው። አነጋገሩ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ነገር ግን አንድ ጆንያ የይርጋ ጨፌ ቡና የገዛ የውጭ አገር ሰው ቡናውን ገዛ እንጂ ስሙን አልገዛም፤ መንግሥታችንም ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ተከራክሮ በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ላይ የደረሰው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። በጤፍ ዱቄት ላይ በሆላንድ ተሰጥቶ የነበረው የባለቤትነት መብት በ2011 ዓ.ም. በሄግ ፍርድ ቤት ሲሰረዝ የአገሩ ነጋዴ ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። ባዕድ የእኛን ሲወስድ ሌብነት፣ እኛ የጎረቤታችንን የሠዓሊውን ስንወስድ ንግድ ሊባል አይገባውም።

ሸራውን መግዛትና የማባዛትን መብት መግዛት ሁለት ግዢዎች ናቸው፤ ሁለተኛው በጽሑፍ መሆን አለበት። ለምን ጥቅም እንደሚውል፣ ስንት ቅጂ እንደሚታተም፣ ለስንት ዓመት እንደ ሆነ፣ ክፍያውና የሠዓሊው ስም የሚጻፍበት ቦታ በአንድ ገጽ ሊያልቅ ይችላል። በደመወዝ የተቀጠረ ሰው በሥራው ምክንያት የሠራው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው፤ በትእዛዝ በሚሠራው የመለያ ሥዕል ላይ ግን ክርክር የሚበዛ ስለ ሆነ አስቀድሞ መጻፉ ለሁለቱም ይበጃል። ውሉን የሚንቅ ነጋዴ ምን እንደሚጠብቀው ማወቅ ይገባዋል፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በወጣ ጊዜ መብቱን አስቦ ለጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት፣ ለሞራል ጉዳትም ከ100,000 ብር የማያንስ ካሣ ደንግጓል። ያለ ውል የታተመ የቀን መቁጠሪያ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከመጋዘን ቢያዝ፣ የኅትመቱ ዋጋና የደንበኛው እምነት አብረው እንደሚጠፉ ሳይነገር የሚታወቅ ነው።

ላኪው ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። የውጭ አገር ገዢ የታወቀ ድርጅት ከሆነ በሣጥኑ ላይ ያለው ሥዕል የማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ አይተወውም፤ መልስ ያላዘጋጀ ላኪ ዕቃው ጥሩ ሳለ ገበያውን ሊያጣ ይችላል።

ንግድ ምክር ቤቱ ለአባሎቹ የሚሆን የአንድ ገጽ የውል ናሙናና የሠዓሊ ሥራ መመዝገቢያ ቅጽ በአማርኛ አሳትሞ ቢያድል፣ ወጪው ከአንድ ስብሰባ መስተንግዶ አይበልጥም። ቅጹ በሦስት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ለሠዓሊው፣ አንዱ ለነጋዴው፣ ሦስተኛው ለማተሚያ ቤቱ፤ ማተሚያ ቤቱም ቅጹን ሳያይ ሥራ እንዳይቀበል ይደረግ። የአዲሱ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ትእዛዝ በክረምቱ ወራት ስለሚሰጥ፣ ቅጹ ከሰኔ በፊት ተዘጋጅቶ መድረስ ይኖርበታል።